የተመታ ኮፓ፦ ይለጠፍ፣ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

ኮፓ፣ ማለትም ከሞተሩ ስር በቡሎን የታሰረው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ሲመታ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ያፈስሳል ወይስ አያፈስስም?» የሚል ነው። ካላፈሰሰ መኪናው መንገዱን ይቀጥላል፤ ካፈሰሰ ኮላ ፍለጋ ይጀመራል። ይህ አካሄድ ብዙ ሞተር አስበልቷል። አንዲት ጠብታ የማይወጣው የተጨረመተ ኮፓ ሞተሩን በአንድ ጉዞ ሊጨርሰው ይችላል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጠብታ የሚጥለው ደግሞ መጠኑ እየታየ እስከሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ ድረስ ሊታገሥ ይችላል።

ነገሩ ያለው ከውስጥ ነው። ኮፓ ለዘይት ፓምፑ መሳቢያ ቱቦም ቦታ ይሰጣል። የቱቦው ጫፍ ወንፊት አለው። ወንፊቱ በብዙ ሞተሮች ከኮፓው ወለል ከፍ የሚለው ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ድንጋይ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ወለሉን አንድ ሴንቲሜትር ወደ ላይ ከገፋው ወንፊቱ ይታፈናል፤ አለዚያም ቱቦው ይሰነጠቅና ከዘይት ጋር አየር ይስባል። ብሮንዚኖቹ፣ ማለትም ክራንኩ የሚሽከረከርባቸው ስስ ማረፊያዎች፣ ዘይት ሲያጡ ወዲያው አይናገሩም። ሲንኳኩ ነው የሚሰሙት፤ ያኔ ደግሞ ወሬው የኮፓ መሆኑ ቀርቶ የሙሉ ሞተር እድሳት ይሆናል። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የዘይት መብራት በአብዛኛው መኪና የሚበራው የዘይቱ ግፊት ሲወርድ እንጂ መጠኑ ሲጎድል አይደለም። መብራቱን እየጠበቁ መንዳት ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በሦስት ነገር ነው፤ ኮፓው ከምን እንደተሠራ፣ የት ላይ እንደተመታ እና ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ። ገንዘብ አራተኛ ነው። የዋጋ ቁጥር አልጠቅስም፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዛሬ የተጻፈ የመለዋወጫ ዋጋ ለከርሞ መሳቂያ ይሆናል። ከርካሹ ወደ ውዱ ያለው ቅደም ተከተል ግን ብዙ አልተለወጠም።

ምሳሌዬ ቶዮታ ቪትዝ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ብዙ ስለሚታይ ብቻ አይደለም። በብዙዎቹ ባለ 1.3 እና ባለ 1.5 ሊትር ሞተሮቹ ኮፓው ሁለት ክፍል ነው፤ የላይኛው ከአሉሚኒየም የተቀለጠ፣ የታችኛው ከስስ ብረት ላሜራ የተጨመቀ። ድንጋይ የሚያገኘው በአብዛኛው የታችኛውን ነው፤ እሱም ለብቻው ይፈታል። ቤት ውስጥ ልሥራ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መኪና ማግኘት ያስቸግራል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ ያለውን ተንከባክቦ ማቆየት የግድ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ሥራ ከሚወድ ሰው አልፎ የብዙ ባለ መኪናዎች ሆኗል።

ሳይፈቱ በፊት

መጀመሪያ ይታጠብ። «ኮፓው ፈንድቷል» ከሚባሉት ፍሳሾች ቀላል የማይባሉት ከላይ የመጡ ናቸው። የሞተሩ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (በሁለት ፊት መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሲደክም ዘይቱ በጎን ወርዶ ኮፓው ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ሲንጠባጠብ ጥፋተኛው ኮፓ ይመስላል። የዘይት ፊልትሮው በደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር፣ የማፍሰሻው ታፖ ቀለበት ሲያልቅ፣ በካምቢዮ (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል ያለው የክራንክ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) ሲላላም እንዲሁ ነው። ይህንን ሳያጣሩ አዲስ ኮፓ የገዛ ሰው አዲሱንም ኮፓ በማግስቱ ርሶ ያገኘዋል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። አካባቢውን በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ያጽዱ፣ በሳሙና ውኃ ያጠናቅቁ፣ ሲደርቅ የሕፃናት ፓውደር ይንፉበት። የዘይቱ መጠን ልክ ከሆነና የተመታው ቦታ ጥልቅ ካልሆነ ብቻ ሞተሩን ሩብ ሰዓት ያህል ያስነሡ። ነጩ ፓውደር ላይ ቡናማ መስመር ይወጣል፤ መስመሩ ከየት እንደጀመረ አይተው ወደ ላይ ይከተሉት።

ቀጥሎ ማግኔት ያስጠጉ። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ይበቃል። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። ይህ ልዩነት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፣ አሉሚኒየም ሲመታ ይሰነጠቃል። የጎደጎደው ብረት ብዙ ጊዜ ዘይት ስለማያፈስስ ያሞኛል። የተሰነጠቀው አሉሚኒየም ደግሞ ወዲያው ስለሚያፈስስ ያስደነግጣል እንጂ ወንፊቱን የመድፈን ዕድሉ ያነሰ ነው።

ጥልቀቱን ለመለካት ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከኮፓው ወለል አግድም ይያዙና የጎደጎደውን በሁለተኛ ማስመሪያ ይለኩ። እኔ የማላልፈው ወሰን 5 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከገባ፣ ቢያፈስስም ባያፈስስም፣ ኮፓው ይወርዳል፤ እስኪወርድም ሞተሩ አይነሣም።

ኮላ

ከሁለት ቱቦ የሚቀላቀለው፣ የብረት ብናኝ ያለበት ጠንካራ ኮላ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ የሚፈለግበትም ቦታ አለ። ስንጥቁ ቀጭን ከሆነ፣ በጎን በኩል ከሆነ፣ ከታፖውም፣ ከሞተሩ ጋር ከሚገጥመው የኮፓው ከንፈርም ራቅ ካለ ወራት ሊቆይ ይችላል። የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ በኮላው ድክመት ሳይሆን በማጽዳቱ ስንፍና ነው። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ካልተቀዳ፣ ቀለሙ በሸካራ ወረቀት ተፍቆ ባዶ ብረት ካልታየ፣ በመጨረሻም በቤንዚን ሳይሆን ቅባት በማይተው ማጽጃ ካልተወለወለ ኮላው የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን የዘይቱን ስስ ሽፋን ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ወደ 100 ዲግሪ ይጠጋል፤ ያኔ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በቀጭን መሰርሰሪያ ቢበሱት መሰንጠቁ ከዚያ አያልፍም። ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ግን በመሰርሰሪያው ጫፍ ላይ ግሪስ ይቀቡ።

ሩቅ መንገድ ላይ ለተገኘ ሰው የቆየ ብልሃት አለ፤ ደረቅ የልብስ ሳሙና ስንጥቁ ላይ አጥብቆ ማሸት። ዘይት ሳሙናን ቶሎ ስለማያሟሟው የፍሳሹን ፍጥነት ለሰዓታት ይቀንሳል። በየተወሰነ ርቀት እየቆሙ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ እያዩ፣ የጎደለውን እየሞሉ እስከ ቅርብ ከተማ ያደርሳል። ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም።

ኮላን የምቃወመው ሰዎች በጎደጎደ ብረት ላይ ሲለጥፉት ነው። ፍሳሹ ሲቆም ችግሩ ያለቀ ይመስላል፤ ወንፊቱ ግን እንደታፈነ ነው። ኮላ የተቀባ ኮፓ በኋላ ይበየድ ቢባልም ብየዳው ንጹሕ አይወጣም።

ብየዳ

ስለ ብየዳ የማይነገረው ሒሳብ ይህ ነው፤ ኮፓ ለመበየድ መውረድ አለበት። ዘይት ያለበትን ኮፓ ከመኪናው ሳይወርድ እሳት ማስነካት የሚደፍር ካለ ይራቁት፤ በውስጡ የታመቀው የዘይት ተን ይቀጣጠላል። አንዴ ከወረደ ደግሞ የድካሙ ትልቁ ክፍል አልቋል፤ ዘይቱ ተቀድቷል፣ ቡሎኑ ተፈቷል፣ ኮፓውን ከሞተሩ ጋር የሚያሽገው ሲሊኮን ተፍቋል። ብየዳ የሚያተርፈው የኮፓውን ዋጋ ብቻ ነው። ብየዳው ከሁለት ወር በኋላ ካፈሰሰ ያንን ሁሉ ሥራ ከአዲስ ዘይት ጋር ይደግሙታል።

ይህም ሆኖ ለብረት ኮፓ ብየዳ ጥሩ አማራጭ ነው። ላሜራው ስስ ስለሆነ በተለመደው የኤሌክትሪክ ብየዳ በቀላሉ ይበሳል፤ በጋዝ፣ በነሐስ ዘንግ መሙላት ይሻላል። ከዚያ በፊት የጎደጎደውን ከውስጥ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ወደ ቦታው ይመልሱት። ከብየዳው ሲመለስ ሁለት ፍተሻ ያድርጉ። አንደኛ፣ ከውጭ የተበየደውን ቦታ በጠመኔ ነጭ አድርገው ይቀቡና ከውስጥ ነጭ ጋዝ አፍስሰው ያቆዩት፤ ነጭ ጋዝ ከሞተር ዘይት ይልቅ በጣም ቀጭን ስለሆነ ዓይን የማያየውን ቀዳዳ አልፎ ጠመኔው ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የኮፓውን ከንፈር ወፍራም መስታወት ላይ ደፍተው በዙሪያው ወረቀት ለማስገባት ይሞክሩ። ሙቀቱ ከንፈሩን ካጣመመው ወረቀቱ ይገባል፤ የጠመመ ከንፈር ደግሞ በሲሊኮን ብዛት አይቃናም።

አሉሚኒየም ሌላ ታሪክ ነው። የሚበየደው በአርጎን ጋዝ ነው፤ በእጁ የሚያውቀውን ባለሙያ ማግኘትም ቀላል አይደለም። የተቀለጠ አሉሚኒየም ለዓመታት የጠጣው ዘይት ሲሞቅ ከውስጡ እየወጣ ብየዳውን አረፋ ያደርገዋል። ከላይ ያማረ፣ ከውስጥ ወንፊት የሆነ መስመር ይቀራል። ስንጥቁ ትንሽና ወለሉ ላይ ከሆነ ይሞከር። ከንፈሩ ጋ ወይም ካምቢዮ በሚታሰርበት ጆሮ ላይ ከሆነ አይሞከር፤ ይቀየር።

ያገለገለ፣ አዲስ ወይስ ከወኪሉ

መቀየር ከተወሰነ ሦስት በር አለ። ከማንኳኳትዎ በፊት ግን የሞተሩን ዓይነት ይወቁ። «የቪትዝ ኮፓ» የሚባል አንድ ዕቃ የለም፤ ቪትዝ በባለ 1 ሊትር ሦስትና አራት ሲሊንደር፣ በባለ 1.3 እና በባለ 1.5 ሊትር ሞተር መጥቷል፤ የአንዱ ኮፓ ለሌላው ላይሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ይጻፉ፤ ከተቻለ የወረደውን ኮፓ ራሱን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮፓ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው አድራሻ ነው። እዚያ የሚገኘው ከጃፓን መኪና የወረደ ኮፓ፣ ደህና ከሆነ፣ በውፍረቱም በልኩም ከብዙ አዲስ ርካሽ ኮፓ ይሻላል። ችግሩ ደህና የሚመስለው ሁሉ ደህና አለመሆኑ ነው። አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባውን በጥርጣሬ ይዩት፤ ቀለም ከስሩ ስቱኮ ሊደብቅ ይችላል። ማግኔትዎን ከኪስዎ አውጥተው በወለሉ ሁሉ ላይ ያንሸራቱት፤ ድንገት የሚላላበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ያለው ብረት አይደለም። የራስዎን ታፖ ይዘው ሄደው በጣት ብቻ ያስገቡት፤ እስከ መጨረሻው በጣት ካልገባ ጥርሱ ተበልቷል። ወደ ውስጥም ይመልከቱ፤ የዝገት ጉድጓድ ያለበትን ይተዉት፣ ዝገቱ ነገ ወንፊቱ ላይ ነው።

አዲስ፣ ግን የመኪናው ፋብሪካ ያልሠራው ኮፓ በዋጋ መካከል ላይ ነው። ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኦሪጅናል የዱባይ ነው» ይላል። ዱባይ ገበያ እንጂ የኮፓ ፋብሪካ አይደለችም፤ ዕቃው ከየት እንደመጣ ማሸጊያው ካልተናገረ ማንም አይናገርም። ስለዚህ አገሩን ትተው ዕቃውን ይመርምሩ። አሮጌውንና አዲሱን ከንፈር ለከንፈር ገጥመው የቡሎን ቀዳዳዎቹ መገጣጠማቸውን ይዩ። ጥልቀታቸውን በማስመሪያ ያወዳድሩ፤ አዲሱ ከአሮጌው ያልተመታ ክፍል ይልቅ ጥልቀቱ ካነሰ ወንፊቱን ይነካል፣ ከበዛ ደግሞ ከስር የማይሳብ ዘይት ያስቀራል። በአሮጌው ውስጥ ዘይት በመታጠፊያ ላይ እንዳይሸሽ የሚከለክል ላሜራ ካለና በአዲሱ ከሌለ አይግዙት። ላሜራው በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚረግብ ከሆነም እንዲሁ።

ከወኪሉ መግዛት፣ ለቶዮታ ማለት ሞኤንኮ ነው፣ ከሁሉም ውድ ነው፤ ዕቃው በመጋዘን ከሌለም መጠበቅ ይኖራል። ገንዘቡ የሚያዋጣው ለአሉሚኒየሙ የላይኛው ክፍል ነው፤ እሱ በትክክለኛ ልክ መሠራት ስላለበት በግምት የተቀለጠ ቅጂ አደጋ አለው። ለታችኛው የብረት ክፍል ግን የወኪሉ ዋጋ ብዙም አስፈላጊ አይመስለኝም።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣላቸው ሰዎች አራተኛ በር አላቸው። እዚያ ቪትዝ ብሎ የሚጠይቅ አያገኝም፤ ስሙ ያሪስ ነው። ባለ 1.5 ሊትሩ ሞተር አሜሪካ ውስጥ በያሪስና በኤኮ ተሽጧል። የታችኛው ኮፓ ቀላል ስለሆነ ሻንጣ አይጎዳም፤ ነገር ግን በሞዴል ስም ብቻ አያስገዙ፣ በሻንሲ ቁጥር የወጣውን የዕቃ ቁጥር ይላኩ።

ፍርዴን ከዚሁ ልናገር። የብረት ኮፓ ጎድጉዶ ካልተቀደደ አውርዶ ማቃናትና መልሶ መግጠም፤ ከተቀደደ ንጹሕ ያገለገለ ኦሪጅናል መፈለግ፤ እሱ ካልተገኘ ነሐስ ብየዳ፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ ርካሽ ኮፓ። አሉሚኒየም ከተሰነጠቀ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ኦሪጅናል፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ መጨረሻ ላይ ብየዳ።

ቤት ወይስ ጋራዥ

ይህን የሚወስነው የመኪናው አሠራር ነው፤ የእርስዎ ድፍረት ከዚያ በኋላ ይመጣል። የታችኛው ክፍል ለብቻው የሚፈታባቸው እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች የግማሽ ቀን የቤት ሥራ ናቸው። በሌሎች ግን ኮፓው ከሞተሩ መደገፊያ ብረት በላይ ስለሚቀመጥ ወይ ሞተሩ ከላይ ይንጠለጠላል ወይ መደገፊያው ይወርዳል። በብዙ ባለ አራት ጎማ ተነጂ ፒካፖች የፊት ዲፈረንሺያሉ ካልወረደ ኮፓው አይወጣም። በአንዳንድ ቮልስዋገኖች በካምቢዮ በኩል ያሉት የኮፓ ቡሎኖች ረጅም ማራዘሚያ ካልተገኘ አይደረስባቸውም። የእርስዎ መኪና ከእነዚህ ከሆነ ጋራዥ ይውሰዱት፤ ጋራዥ ሄዶ ግን ዕቃውን ራስዎ መርጠው ማቅረብ፣ የሲሊኮኑንም ዓይነት መናገር ይችላሉ።

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚያስፈራው ዘይት ሳይሆን ክብደት ነው። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር መግባት ፈጽሞ የለም። ከሁሉ የከፋው ልማድ ብሎኬት መደገፍ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ የሲሚንቶ ብሎኬት ቀስ ብሎ አይሰበርም፤ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይደቅቃል። የብረት መቆሚያ ከሌለ ይከራዩ ወይም ይዋሱ፤ ያወለቁትንም ጎማ እንደ ተጨማሪ መተማመኛ ከጎን ከሻንሲው ስር አጋድመው ያስገቡ። ግቢው ኮብልስቶን ወይም ዘንበል ያለ ከሆነ መቆሚያው ስር ወፍራም ጣውላ ይደረግ። የኋላ ጎማዎች በሁለቱም በኩል ይታገዱ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ።

በቤትና በጋራዥ መካከል ያለውን መንገድ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከስር መሥሪያ ጉድጓድ ያለው ላቫጆ ወይም የዘይት መቀየሪያ ቤት ሥራ ባልበዛበት ጠዋት ቦታውን በስምምነት ያከራያል። ቆመው ይሠራሉ፣ ከላይ የሚወድቅ ነገር የለም፣ አሮጌውንም ዘይት እዚያው ያስረክባሉ። መኪናው ግን በራሱ ሞተር ወደዚያ አይሄድም፤ ይጎተታል።

ሥራው ራሱ

ዘይቱን ሞተሩ ቀዝቀዝ ሲል ይቅዱ፤ ለብ ማለቱ ጥሩ ነው፣ መፍላቱ ግን እጅ ያቃጥላል። በቪትዝ የታፖው ራስ 14 ቁጥር፣ የኮፓው ቡሎኖች 10 ቁጥር ናቸው። ቡሎኖቹን ዙሪያውን እያፈራረቁ ያላሉ፤ ሁለቱን በተቃራኒ ጥግ ጥቂት ጥርስ ይዘው እንዲቀሩ ያድርጉ፣ አለዚያ ኮፓው ከቀረው ዘይት ጋር ፊትዎ ላይ ነው።

ቡሎኑ ተፈቶም ኮፓው አይወርድም፤ ሲሊኮኑ ይዞታል። እዚህ ላይ ካቻቪቴ አስገብቶ መፈልቀቅ የብዙ ሰው ስሕተት ነው። የላይኛው ፊት አሉሚኒየም ነው፤ ካቻቪቴ የጫረው መስመር ለዘላለም ያፈስሳል። ቀጭንና ሰፊ የስቱኮ መቀቢያ ምላጭ ጥግ ላይ አስገብተው በጎማ መዶሻ ጎን ለጎን ይንዱት።

ሲወርድ ቸኩለው አይጠቡት። ዘይቱን በብርሃን ፊት ዘንበል አድርገው ይዩት። የመዳብ ቀለም ያለው ብልጭታ ካለበት ብሮንዚን ተበልቷል፤ ኮፓ መቀየር ብቻውን አያድነውም። ከዚያ ባትሪ ይዘው ወደ ላይ ወንፊቱን ይመልከቱ። ብዙ እጅ ባለፈበት ሞተር የሚያገኙት ነገር አንድ ነው፤ በወንፊቱ ሽቦ ላይ የተጠመጠመ የደረቀ ሲሊኮን ክር፣ አንዳንዱ እንደ ትል የወፈረ። ይህ ቀደም ሲል ኮፓውን የገጠመው ሰው ሲሊኮን አብዝቶ ቀብቶ፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ በመጨረሻ ተቆርጦ የወደቀ ነው። ክሩን በጉጠት ይልቀሙ፤ ወንፊቱ ወይም ቱቦው ከተጣመመ እሱም ይቀየር።

የክፍተቱን ልክ ለማወቅ ሕፃናት የሚጫወቱበትን ለስላሳ ጭቃ ወንፊቱ ስር ይለጥፉ፤ ኮፓውን ያለ ሲሊኮን በጥቂት ቡሎን ገጥመው መልሰው ያውርዱት። የተጨፈለቀው ጭቃ ውፍረት የክፍተቱ ልክ ነው። ከ6 ሚሊሜትር ካነሰ ያ ኮፓ፣ ቢበየድም ቢቃናም፣ ገና አልተስተካከለም።

ከንፈሩን ሳይገጥሙ በፊት በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይዳብሱት። በኃይል የጠበቀ ቡሎን ላሜራውን ወደ ላይ ያብጠዋል፤ እብጠቱ ሲሊኮኑ በሌላው ቦታ እንዳይጫን ያደርጋል። ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጠው በትንሽ መዶሻ ያስተኙት።

ስለ ሲሊኮን ደግሞ። ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውና ሲከፈት ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ለሞተር አይሆንም፤ አሲዱ ብረት ያዝጋል። ለሞተር ዘይት የተሠራውን፣ ሽታው የማይኮመጥጠውን ይግዙ። ኮፓው ሲወርድ በጓርኒሲዮን የተገጠመ ከነበረ በጓርኒሲዮን ይገጠም፤ ሁለቱን መደራረብ ጥንካሬ አይጨምርም፣ ያንሸራትታል። ሁለቱም ፊት ደርቆና ከቅባት ጸድቶ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ያልተቋረጠ መስመር ከቡሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ያስምሩ። የቶዮታ የጥገና መመሪያ ሲሊኮኑ ከተቀባ በ3 ደቂቃ ውስጥ ኮፓው መቀመጥ እንዳለበት ይናገራል፤ ስለዚህ ቡሎኑ ተሰናድቶ፣ እጅ ተጠርጎ፣ ስልክ ርቆ ነው የሚቀባው። ቡሎኖቹ የሚጠብቁት ወደ 9 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። የኃይል መለኪያ ቁልፍ ለሌለው ሰው፣ አጭር እጀታ ያለው ቡሶላ (የቡሎን መፍቻ) ይዞ በሁለት ጣት እስኪያስቸግር ድረስ ማለት ነው። ከመሃል ጀምሮ እያፈራረቁ፣ በሁለት ዙር።

ዘይት ከመሙላትዎ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ አሳድረዋለሁ። ይህ ሲሊኮን የሚጠነክረው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ስለሆነ በደረቁ የበጋ ወራት ከክረምቱ ይልቅ ይዘገያል። ፊልትሮውም ይቀየር፤ የታፖው ቀለበትም። ሞተሩ ሲነሣ ቀዩ መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ወዲያው ያጥፉት።

ታፖው ብቻ ከተበላሸ

ይህ ከድንጋይ ይልቅ የዘይት ቀያሪ እጅ የሚያመጣው ጉዳት ነው፤ ታፖው በረጅም ቁልፍ ተጠምዝዞ ጥርሱ ይበላል። ለዚህ ሲባል ኮፓ መቀየር አስፈላጊ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በአሉሚኒየም ኮፓ ላይ ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት ጥርስ ማስገባት ከመጀመሪያው የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ቶርኔሪ ቤት (የብረት መቅረጫ) ይሠራል። በስስ ብረት ኮፓ ላይ ጥርሱ ያለው በተበየደች ዳዶ ውስጥ ስለሆነ ዳዶዋን አስነሥቶ አዲስ ማስበየድ ይቻላል። ራሱ ጥርስ እየቆረጠ የሚገባው ወፍራም ታፖ ፈጣን መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን የሚቆርጠው ብናኝ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ካልገባም ኮፓውን ይሰነጥቃል። የጎማ ታፖ እስከ ጋራዥ ለመድረስ ብቻ ነው። ቴፍሎን ጠምጥሞ ማሰርን ግን ከአማራጭ አልቆጥረውም።

ከተቀየረ በኋላ ከስር መከላከያ ላሜራ ማሠራት ለሚያስቡ ሰዎች፣ ላሜራው ከኮፓው ቢያንስ ሁለት ጣት ይራቅ፤ ተጠግቶ ከታሰረ ድንጋዩን ወደ ኮፓው ያስተላልፈዋል። ከታፖው ትይዩም ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ የሌለው ላሜራ ፍሳሽን ለወራት ይደብቃል፤ መሬቱ ንጹሕ ስለሆነ ደህና ነው ብለው ሲነዱ ዘይቱ ላሜራው ላይ ተኝቷል።

ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ዘንጉን አውጥተው መጠኑን ይዩ፣ ከንፈሩንም በነጭ ወረቀት ይጥረጉ። ወረቀቱ ላይ ትንሽ እርጥበት ካዩ ቡሎኑን ለማጥበቅ አይቸኩሉ። በጓርኒሲዮን የተገጠመ ከሆነ ሩብ ዙር ይረዳል። በሲሊኮን ከተገጠመ ግን የደረቀውን ሽፋን ይሰነጥቀዋልና አይነካ፤ ጠርገው በሳምንቱ ደግመው ያረጋግጡ፤ አሁንም ከረጠበ ወርዶ በአዲስ ሲሊኮን ይገጠማል።